ከእጃችን የሚወጣው ጢስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በስተ ምሥራቅ ባለው ባዶ መሬት ላይ 60 ችግኝ መትከላችን ይታወሳል። በዚያን ዕለት መዝሙር ዘመርን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ጭቃ በነካው እጃችን ዳቦ ቈርሰን በላን። የፈጣሪን ምድር ለመጠበቅ ድርሻችንን እንደ ተወጣን ቈጥረንም በደስታ ወደየቤታችን ተመለስን። ጥምቀት አልፎ ጥር ሲያልቅ ግን የግቢው ጠባቂ አባታችን ከጉባኤ ስንወጣ ጠሩንና «ልጆቼ፣ እስቲ ኑ፤ የተከላችሁትን እዩት» ብለው ይዘውን ሄዱ። ቈጠርን። ከ60ው ውስጥ በሕይወት የተገኙት 11 ብቻ ነበሩ። እነርሱም የዳኑት በእኛ ጥረት አልነበረም፤ ከአጥሩ ሥር የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ዕቃ ያለቀለቁበትን ውኃ በየማታው ስለሚያጠጧቸው ነበር። አባታችን አልተቈጡንም። «ለመትከል ያ ሁሉ ሰው መጣ፤ ለማጠጣትስ ማን ይምጣ?» ብቻ ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

እኛም አፈርን። በሚቀጥለው እሑድ በውይይት ጊዜያችን ነገሩን አንሥተን ስንነጋገር ከችግኙ አልፈን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ይኸውም ምድር እየሞቀች፣ ዝናሙ ወቅቱን እየሳተ ባለበት በዚህ ዘመን እያንዳንዳችን በቤታችን፣ በማዕዳችንና በመንገዳችን ምን ልናደርግ እንችላለን? የሚል ነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው የዚያ ውይይት ፍሬ ነው።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደሆነ እንረዳ። ፀሐይ ምድርን ታሞቃለች፤ ምድርም ያገኘችውን ሙቀት መልሳ ወደ ላይ ትለቃለች። በአየር ውስጥ ያሉ አንዳንድ ጋዞች፣ በተለይም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን፣ ከሚወጣው ሙቀት ከፊሉን ይዘው ያስቀራሉ። ስለዚህም ሙቀት አማቂ ጋዞች ይባላሉ። ምድር የለበሰችው ጋቢ ናቸው ብንል አንሳሳትም። ይህ ጋቢ ባይኖር ኖሮ ምድር በብርድ በደረቀች ነበር፤ ስለዚህ በልኩ ሲሆን የፈጣሪ ስጦታ ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ ከሰልን፣ ነዳጅን፣ ደንን ያለ ልክ ባቃጠለ ቍጥር በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ ይደርባል። ፋብሪካዎች ከመስፋፋታቸው በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ገደማ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። በዚህም የተነሣ ምድር ከቀድሞው ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቃለች። አንድ ዲግሪ ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፤ ለዝናምና ለድርቅ ግን ትንሽ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳካላቸው ሲቀር ከብቶች እንዴት እንዳለቁ፣ እረኞችም ባዶ በትራቸውን ይዘው እንዴት ወደ መጠለያ እንደ ተሰደዱ ሁላችን ሰምተናል። ሳይንቲስቶችም የዓለም መሞቅ ያን ድርቅ እንዳበረታው መስክረዋል።

በውይይታችን ላይ አንዲት እኅታችን ተነሥታ እንዲህ ስትል ጠየቀች። «ዓለምን ያሞቁት ባለጠጎቹ አገሮች ናቸው። እናቴ በሦስት ጉልቻ የምታበስል ድኻ ናት። ሌላው በበደለው እኛ ስለምን ንስሐ እንገባለን?» አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጥያቄው እውነት ነበረና። ከነዳጅና ከመሳሰለው ቃጠሎ የሚወጣውን ብቻ ብንቈጥር አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት 14 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። አንድ ኢትዮጵያዊ ግን ከሩብ ቶን በታች ነው። የከብቶቻችንና የደን ጭፍጨፋው ሲጨመር የእኛም ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከእነርሱ ጋር አይተካከልም። ብዙ ያቃጠለ ብዙ ሊመልስ፣ መንግሥታትና ታላላቅ ፋብሪካዎችም ሸክማቸውን ሊሸከሙ ይገባል። ይህን ሐቅ መናገር ክርስቲያናዊ ግዴታችን ነው፤ የድኻውን ፍርድ ማጣመም በነቢያት ዘንድ የተወገዘ ነውና።

ዳሩ ግን እኅታችን የጠየቀችው ጥያቄ ከሥራ የሚያሰናብተን አይደለም። ስለ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ጢሱን የሚቀንሰው ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ያችኑ በሦስት ጉልቻ የምታበስለውን እናት ነው። ሁለተኛ፣ እኛ ወጣቶች እንደ እናቶቻችን በጥቂት አንኖርም፤ ነገ ደመወዝ፣ መኪና፣ ሰፊ ቤት እንመኛለን፤ ዛሬ ያልተማርነውን ልክ ያን ጊዜ አንማረውም። ከእኛም መካከል ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ዐረብ አገሮች የሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዛሬውኑ በባለጠጎቹ ልክ የሚኖሩ ናቸው። ሦስተኛ፣ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 በጥቂቱ የታመነ በብዙም እንደሚታመን አስተምሮናል። ጥቂት መሆን ከመታመን ነጻ አያወጣም። ለአዳምም ገነት በተሰጠችው ጊዜ እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነበር (ዘፍ. 2፥15)፤ ማበጀት ያለ መጠበቅ የእኛን 49 የደረቁ ችግኞች መሆኑን አይተናል።

እንግዲህ ከእያንዳንዳችን እጅ የሚወጣውን ጢስ በየተራው እንመርምር።

1ኛ/ ስለ እሳታችን

በአገራችን አብዛኛው ቤት የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። በአሮጌው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ስለዚህ አንድ ጆንያ ከሰል ስንገዛ ያላየናቸውን ዛፎች ገዝተናል ማለት ነው። ከዚህም በላይ በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በየዓመቱ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደሚሞት የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። ከነዚህም ብዙዎቹ እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

ምን እናድርግ? እንጀራ ከክፍት እሳት ይልቅ ምርት በሚባለው ምድጃ ቢጋገር እንጨቱ እስከ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለከሰልም ላቀች የሚባለው ምድጃ ከቆርቆሮው ይሻላል። ባቄላውን፣ ሽምብራውን፣ የንፍሮውን እህል ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ድስት መክደን፣ እንጨትን አድርቆ ማንደድ፣ ምጣድ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን መጋገር፣ ቡናው ታጥቦ ሳይቀርብ ከሰሉን አለማያያዝ፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። መብራት ባለበት ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ይመረጣል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃና ከነፋስ የሚገኝ ነውና። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን ተመርቋል።

በዚህ ላይ ግን ለወንድሞች አንድ ማሳሰቢያ አለን። እንጨት ተሸክመን ሳናመጣ፣ እሳት አፍ ላይ ተቀምጠን ዓይናችን ሳያለቅስ ለእናቶቻችን ስለ ጢስ መስበክ አይገባንም። ከስብከታችን በፊት ምድጃውን ገዝተን እናምጣ፤ ሲሰነጠቅም በጭቃ እንምረገው።

2ኛ/ ስለ ማዕዳችን

ከብት ሣሩን ሲያመነዥግ የሚያገሣው ሚቴን በመቶ ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ስለዚህ በዓለም አማካይ ሲታይ አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ የሚያስወጣው ሙቀት አማቂ ጋዝ ከአንድ ኪሎ ምስር ወይም አተር ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። እዚህ ላይ አባቶቻችን ያወረሱንን እናስተውል። በዓመት ከ180 የማያንሱ ቀኖችን ከሥጋና ከወተት ተከልክለን በሽሮ፣ በምስርና በጎመን እንድናሳልፍ ያስተማሩን ስለ አየር ብለው አይደለም፤ ስለ ነፍስ ነው። ነገር ግን ነፍስን የሚገዛው ሥርዓት ምድርንም ሲያሳርፍ እናያለን። ጾምን በደስታ መጾም እንግዲህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ችግራችን ከጾሙ ይልቅ በፍስኩ ላይ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን በትንሣኤ ሰሞን ሆዳችን እስኪታመም እንበላለን፤ የተረፈውንም እንደፋለን። በሠርግና በተዝካር ስንት ትሪ ወጥ ወደ ገንዳ እንደሚሄድ ያስተናገድን ሁሉ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ለተመጋቢ ከቀረበው ምግብ 19 በመቶ ያህሉ በቤቶች፣ በምግብ ቤቶችና በሱቆች እንደ ተጣለ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት አስታውቋል። ምግብ ሲጣል የታረሰበት፣ የተጓጓዘበትና የበሰለበት ጢስ ሁሉ በከንቱ ይቀራል፤ በቆሻሻ ክምር ሥር ታፍኖ ሲበሰብስም ሚቴን ይሆናል።

ጌታችን አምስት ሺህ ሰው በጥቂት እንጀራ ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ምን እንዳዘዛቸው እናስታውስ (ዮሐ. 6፥12)። እንጀራን ከምንም ማብዛት የሚችል ጌታ ቍርስራሹ እንዳይጠፋ አሰበ፤ 12 መሶብም ተሰበሰበ። እርሱ ካልናቀው እኛ እንዴት እንንቃለን? እናቶቻችንስ የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ሲያደርጉ፣ አድርቀው ድርቆሽ ሲያስቀምጡ ይህንኑ መፈጸማቸው አይደለምን? በሰሐናችን የምንጨርሰውን ያህል ብቻ እንውሰድ፤ ለድግስ በሰው ቍጥር ልክ እናብስል፤ የተረፈውንም ሳይበላሽ ለነዳያን እናድርስ።

3ኛ/ ስለ ጕዞአችን

በእግር የሚደረስበትን በእግር መሄድ ከሁሉ ይበልጣል። ርቀቱ ሲበዛ አውቶቡስ ወይም በአዲስ አበባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር ይመረጣል፤ ጢሱ ለብዙ ሰው ይካፈላልና። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ መኪና የሚገዛ ወንድም ቢኖር ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። ለእኛ ግን ቅርብ የሆነው የመንፈሳዊ ጕዞአችን ነገር ነው። ባለፈው ጊዜ ወደ ገዳም ስንሄድ የተመዘገብነውን ሳንቈጥር ሦስት መኪና ተከራይተን አንዱ ግማሽ ባዶውን ሄደ። ይህ የምእመናን ገንዘብ ማባከን ነበር፤ ነዳጁም እንዲሁ።

ይህች ጽሑፍ በባሕር ማዶ ላሉት የምትደርስ ከሆነም አንድ ቃል እናክላለን። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ የሚበር አንድ መንገደኛ ድርሻው ከአንድ ቶን በላይ ነው። ይህም አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በብዙ ዓመት ከነዳጅ ከሚለቀው ጋር የሚመዛዘን ነው። እናት አባታችሁን አትዩ አንልም፤ አንዴ ስትመጡ ሰንብታችሁ ሂዱ፤ እዚያ ባላችሁበትም በቤት ማሞቂያና በመኪና ላይ ልክ አብጁ እንላለን።

4ኛ/ ስለ ልብሳችንና ስለ ጥራጊያችን

በየዓመቱ ለጥምቀት አዲስ ካናቴራ እናሳትማለን። የአምናው ገና ቀለሙ ሳይለቅ የዘንድሮው ይታዘዛል፤ ያለ አንድ የዓመት ቍጥር ልዩነት የለውም። ጨርቁ ሲመረት፣ ሲቀለም፣ ሲጫን የሚወጣውን ጢስ አናየውም፤ አለማየታችን ግን አያጠፋውም። ታቦት ያለፈበትን መንገድ ስናጸዳም የምንሰበስበው የሃይላንድ ላስቲክ ስንት ማዳበሪያ ይሞላል? ላስቲኩም ከነዳጅ የሚሠራ ነው። ጀሪካንና ኩባያ ይዞ መውጣት ምን ያህል ይከብዳል?

የጣልነው ነገር ከዓይናችን ቢርቅም የሆነ ቦታ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን መቅበሩን አንረሳም። ነፍሳቸውን ይማርልን። ይህ ሐዘን ከተማ ሁሉ የጣለው በድኾች ጎጆ ላይ እንደሚወርድ አስተምሮናል። እንግዲህ የአትክልት ልጣጩንና ቅጠሉን ለይተን በጓሮ ጕድጓድ እያገላበጥን ብናበሰብሰው ሚቴኑ ይቀንሳል፤ ለችግኞቻችንም ማዳበሪያ ይሆናል።

5ኛ/ ስለ ዛፎቻችን

በስተ መጨረሻ ወደ ችግኙ እንመለስ። ዛፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ስቦ በግንዱና በሥሩ የሚያስቀምጠው ሲያድግ ነው። የደረቀ ችግኝ ምንም አይስብም፤ ፎቶግራፉም አይስብም። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ብዙ ሕዝብ ይተክላል፤ ፍሬው የሚለካው ግን በበጋ በሚያጠጣው ሰው ነው። ከመትከልም የሚበልጥ አለ፤ ያለውን አለመቍረጥ። በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ታርሶ ተራቍቶ ሳለ አብያተ ክርስቲያናቱ ብቻ በአገር በቀል ዛፍ ተከበው መቅረታቸውን ዓለም በአድናቆት ያያል። እነዚህን ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ደክመዋል። ድንጋዩም ከየማሳው የተለቀመ ነው። አባቶቻችን ደኑን ያቆዩት በአንድ ቀን ዘመቻ አልነበረም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት በየቀኑ በመጠበቅ ነው እንጂ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ፈተና አለ። ጌታችን ፈሪሳውያንን ትንኝን እያጠለሉ ግመልን የሚውጡ ሲል ወቅሷቸዋል (ማቴ. 23፥24)። እኛም አንድ ሻማ ስለ ማጥፋት ተጨንቀን በሠርጋችን ሁለት ሰንጋ ጥለን ግማሹን ብንደፋ፣ አንድ ችግኝ ተክለን በዓመቱ ሃያ ጆንያ ከሰል ብናነድ እንደ እነርሱ መሆናችን ነው። ዛፍ መትከል ላቃጠልነው የሚከፈል ካሳ ሆኖ ሕሊናችንን እንዳያስተኛው እንጠንቀቅ። ትልቁን ከትንሹ ለይተን ከትልቁ እንጀምር፤ ይኸውም በእሳታችን፣ በሚደፋው ምግባችን፣ አቅም ላለንም በጕዞአችን ነው። ትንሹንም አንተው።

ንስሐ ማለት ያጠፉትን ማወቅ ብቻ ሳይሆን መመለስ እንደሆነ ተምረናል። ስለሆነም በዚያው ጉባኤ እነዚህን ተስማማን። ለ11ዱ ችግኞች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰው ተመደበ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዞ ይመጣል። በሚመጣው ክረምት የምንተክለው ማጠጣት የምንችለውን 20 ብቻ ነው። ለዘንድሮው ጥምቀት አዲስ ካናቴራ አይታተምም፤ የአምናው ይለበሳል። ለእርሱ ከተዋጣው ገንዘብም ሁለት ምርት ምድጃ ተገዝቷል። አንዱ ችግኞቻችንን ላጠጡልን እናት ተሰጠ። ምድጃውን ተክለንላቸው ስንወጣ «እኔ እኮ ውኃው ከሚደፋ ብዬ ነው እንጂ ምን አደረግሁ?» አሉን። የዚህ ሁሉ ትምህርታችን ፍሬ ነገር ያ ነው፤ የሚደፋ ነገር እንዳይኖር።

ከግንቦት ወዲህ 11ዱም ለምልመዋል። የጥበቃው አባታችን ግን እስከ አሁን አላመሰገኑንም፤ «የሚመጣው ጥር ይምጣ» ብለዋል። እኛም ያን ጥር እየጠበቅን ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሪካናችንን እንሸከማለን።

ምድርን የሠራ አምላክ እርስዋን የምንጠብቅበትን ትጋት ያድለን፤ በድርቅና በረኃብ ላሉት ወገኖቻችን ዝናመ ምሕረቱን ያዝንምልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ የወጣቶች ክፍል